የባሕርይ ክር

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስሙን ከጠራሁ ‹‹እዚያ ነው እንጂ እዚህ አይደለም›› ብላችሁ ትተኛላችሁ። ይልቅ የሆነውን ልንገራችሁ። ደብር ነበረን፤ አለቃ ነበረን፤ አገልጋዮቹ ሠላሳ አንድ ነበርን። እኔ ጓንጉል ደወል ደዋይ ነበርሁ።

አስቀድሜ እውነቱን ልናዘዝ። ሚዛኑ ሲመጣ በእልልታ ነው የተቀበልነው። የቀድሞው አለቃችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገልጋይ የሚሾሙት አጥንት ቆጥረው ነበር። የእህታቸውን ልጅ ሰባኪ አደረጉት፤ እሱ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ነጠላውን ሰብስቦ ይወጣል። የሚስታቸውን ወንድም የዘማሪዎች መሪ አደረጉት፤ ሰውዬው ጆሮው አይሰማም። የአጎታቸውን ልጅ ዕቃ ቤት ሾሙት፤ የመብራቱ ዘይት ባለቀ ቁጥር ‹‹አይጥ ጠጣው›› ይለናል። እንዲህ ስንኖር አዲሱ አለቃ ምናሴ መጡና ‹‹ከእንግዲህ ሰው በዘመዱ አይመረጥም፤ በባሕርዩ ይመረጣል። ከዋናው ከተማ መዛኞች ይመጣሉ›› አሉ። ሴቱ እልል አለ፤ ወንዱ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

መዛኞቹ በመስከረም መጡ። መሪያቸው ሊቀ መዛኝ ቢያድግልኝ ይባላሉ። ሰባት ረዳቶችና በሁለት በቅሎ የተጫነ ጠጠር ይዘው ነበር። ጠጠር በአገራችን ጠፍቶ አይደለም፤ የእኛ ጠጠር አልተመረመረም ተባለ።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። ተመዛኙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ረዳቱ ከኋላው ቆሞ መቶ ሃያ ጥያቄ ያነብብለታል። ‹‹ድግስ ስትጠራ መሃል ትቀመጣለህ?›› ‹‹መንገድ ከመጀመርህ በፊት ስንቅህን ታያለህ?›› ‹‹የሌላ ሰው ሐሳብ ከራስህ ሐሳብ ይበልጥብሃል?›› መልሱ አዎ ከሆነ ነጭ ጠጠር፣ አይደለም ከሆነ ጥቁር ጠጠር ቅል ውስጥ መጣል ነው። ከጠጠር በቀር ሌላ መልስ የለም። እኔ ጥያቄው ሰባ ሲደርስ ወገቤን ስላመመኝ የቀረውን በግምት ጣልሁት።

ሊቀ መዛኙ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ጠጠሩን ይቆጥራሉ። ሰው ከአራቱ ባሕርያት መሠራቱን አባቶቻችንም ያስተምሩን ነበር፤ እሳትም ነፋስም ውሃም መሬትም በእያንዳንዳችን አለ ይሉን ነበር። መዛኞቹ ግን ‹‹አንዱ ይበቃል›› አሉ። የደረሰህ ባሕርይ በክታብ ላይ ይጻፋል፤ ክታቡ በቆዳ ይሰፋል፤ በክር አንገትህ ላይ ይታሰራል። ለእሳት ቀይ ክር፣ ለውሃ ሰማያዊ፣ ለነፋስ ነጭ፣ ለመሬት ጥቁር። ቆዳውን ቀድዶ ማንበብ ያስቀጣል።

ለእኔ ጥቁር ደረሰኝ። መሬት ነህ ተባልሁና ከደወሉ ወርጄ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተረከብሁ። አልዋሻችሁም፤ ደስ አለኝ። ቁልፍ ወገብ ላይ ሲንሿሿ ሰው ዘወር ብሎ ያያል።

ከዚያ ደንቡ መጣ። ውሃና እሳት በአንድ ጉባኤ አይቀመጡም። ነፋስ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። መሬት ጉባኤ ይገባል፤ አይናገርም። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የማጎልመሻ ቀን ሆነ። እሳቶቹ ገደል አፋፍ ቆመው ይጮኻሉ፤ ውሃዎቹ እግራቸውን ገንዳ ውስጥ ነክረው ይተክዛሉ፤ ነፋሶቹ ቅጥሩን ይዞራሉ፤ መሬቶቹ ሳንንቀሳቀስ እንቀመጣለን። በዕድሜዬ እንደ ሐሙስ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ቢያስቅም ቢያሳዝንም ያልፍ ነበር። የከፋው ሌላ ነው። ሁለት አገልጋዮች ሲጣሉ ድሮ ሽማግሌ ገብቶ ‹‹አንተም ይቅር በል፣ አንተም ካስ›› ይል ነበር። አሁን ተሳዳቢው ቀይ ክሩን ያሳያል፤ ‹‹እሳት ነኝ፣ ምን ላድርግ?›› ከቅዳሴ የቀረው ነጭ ክሩን ያሳያል፤ ‹‹ነፋስ በቤት አይታሰርም።›› ሽምግልና ቀረ። በደለኛ ጠፋ፤ ባለ ክር ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ማንያህልሻል ልምጣ።

ማንያህልሻል የደብራችን አጽናኝ ነበረች። በሽተኛ ታስታምማለች፤ የሚሞተው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሐዘን ቤት ትውላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። እንደዚያ ያለ ሥራ ያላት ሴት ለስላሳ ትመስላችሁ ይሆናል። አልነበረችም። ምላሷ ምላጭ ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሰው ሁሉ ‹‹እግዜር ያጥናህ›› እያለኝ ይወጣል ይገባል። እሷ በሦስተኛው ቀን መጣችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

‹‹ጓንጉል፣ ትገማለህ›› አለችኝ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እሷ ውሃ አስመጥታ ፊቴንና እግሬን በገዛ እጇ አጠበችኝ። ከዚያ እንጀራ ፊቴ አስቀምጣ እስክበላ ድረስ ቁጭ አለች። ያን ቀን ጠላኋት። ግን በላሁ። ባትመጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ይህች ሴት ስትመዘን እሳት ሆነች። በደንቡ እሳት ከበሽተኛ አልጋ በአሥር ክንድ መራቅ አለበት። ስለዚህ ከአጽናኝነቷ ወርዳ በክብረ በዓል ቀን ሕዝብ የምታሰልፍ ሆነች። በእሷ ቦታ ውሃ ተፈለገና መጽሐፍ ገልባጩ ይትባረክ ተገኘ። ይትባረክ የሦስት ልጆች አባት፣ ድምፁ እንደ ማር የሚፈስ፣ ጉንዳን ላለመርገጥ ዘሎ የሚሄድ ሰው ነው። የእሱ ብዕር ደግሞ ጣቱ እንደ ሞፈር ለወፈረ ሌላ ሰው ተሰጠ፤ ብራናው የታረሰ ማሳ መሰለ።

ማንያህልሻል አለቃ ምናሴ ዘንድ ሄደች። እኔ ጧፍ ላስረክብ ገብቼ ነበርና ሰማሁ።

‹‹አባቴ፣ በሥራዬ ጥፋት አግኝታችሁብኛል?›› አለች።

‹‹የለም፣ ልጄ። ማንም አልከሰሰሽም።››

‹‹ታዲያ ስለ ምን ወረድሁ?››

‹‹ባሕርይሽ ነው። መዛኞቹ የተማሩ ናቸው። እኛ ሃያ ሁለት ዓመት ያላየነውን እነሱ በአንድ ጧት አዩት።››

‹‹ሃያ ሁለት ዓመት ያያችሁትንስ ማን ያየዋል?››

አለቃ ያመጣሁትን ጧፍ ይቆጥሩ ጀመር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈሪ ነበሩ። ዋናው ከተማ የሚጽፈውን ደብዳቤ ከሰማይ ቁጣ ይበልጥ ይፈሩታል።

በጥር ወር ድንጋይ ጠራቢው ጉልላት ከድንጋይ ካባው ሥር ሳለ ናዳ ወረደበት። ሰዎች ከወገቡ በታች ተሰባብሮ አወጡት። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ጎረቤቱ ወይዘሮ ጠጂቱ ታስታምመው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይትባረክ መጽሐፉን ይዞ ሄደ። ቁስሉን ሲያይ፣ ሽታው ሲመታው፣ ሰውዬውም ሲጮኽ እግሩ ከደጃፉ አላልፍ አለው። ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አስመለሰ። በሁለተኛው ቀን ከግቢው በር ላይ ቆሞ አነበበ። በሦስተኛው ቀን አልመጣም።

ወይዘሮ ጠጂቱ ወደ ደብሩ መጣች። ቅጥሩ ውስጥ ነበርን፤ ማንያህልሻል ዱላ ይዛ የበዓል ሰልፍ ታለማምድ ነበር።

‹‹አጽናኝ ላኩልን›› አለች ጠጂቱ ለአለቃ።

‹‹አጽናኝማ ተልኳል፤ መዝገቡ ላይ አለ።››

‹‹መዝገቡ ላይ ቢኖር ምን ያደርግልናል? ሰውዬው ጣራ ጣራ እያየ ጥርሱን ያፋጫል። እህል አይቀምስም። ሰው አያናግርም። እባክዎ፣ ሰው ይስጡን።››

አለቃ ለይትባረክ ማበረታቻ እንደሚጽፉ ተናገሩ። ማንያህልሻል ዱላዋን ጣለች። ቀዩን ክር በራሷ ላይ አውጥታ ክታቡን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

‹‹ያዝልኝ›› አለችና ወጣች።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተከተልኋት። እሷ ገባች፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

‹‹ጉልላት፣ እንዴት ነህ?›› ስትል ሰማሁ።

‹‹እየሞትሁ ነው።››

‹‹እሱንማ አየሁት። እኔ የጠየቅሁህ እንዴት እንደሆንህ ነው።››

ያ ድንጋይ በመዶሻ ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው በሕፃን ድምፅ ‹‹ፈርቻለሁ›› አለ።

‹‹ትፈራለህ እንጂ። ያልፈራ አላየሁም። ማንን ልጥራልህ?››

‹‹ማንንም።››

‹‹ውሸታም። ልጅ አለችህ።››

ጉልላት የውብዳር የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። እሱ ያልፈቀደውን ሰው ስላገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠችም። ወንዙን ተሻግራ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ትኖር ነበር።

‹‹ልጅ የለኝም ብዬ ምያለሁ›› አለ።

‹‹መሐላህን ታቅፈህ ልትቀበር ነው? ቀንህ አልቋል እኮ፣ ጉልላት። ኩርፊያህ ከአንተ ይበልጥ ዕድሜ ይኑረው?››

‹‹ብጠራትም አትመጣም።››

‹‹እሱን ለእሷ ተወው። አንተ ጥራት።››

ሲያለቅስ ሰማሁት። እሷም ‹‹ዝም በል›› አላለችውም። ሲጨርስ ‹‹ጥሩልኝ›› አለ።

በጠጂቱ በቅሎ ሰው ላክን። የውብዳር በማግሥቱ ቀትር ላይ ደረሰች። ከበቅሎዋ ስትወርድ ማንያህልሻል ብብቷን ይዛ አስገባቻት። አባትና ልጅ ምን እንደተባባሉ እኔ አልነግራችሁም፤ የእኔ ነገር አይደለም። ሁለት ቀን አብረው ሰነበቱ። ጉልላት ራሱን ልጁ ጭን ላይ እንዳደረገ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ ማንያህልሻል ተከሰሰች። ከጸሎት በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሊቀ መዛኙ ከነረዳቶቻቸው ተቀመጡ። ክሱ ተነበበ፦ እሳት ሆና ወደ በሽተኛ ቀርባለች፤ ክታቧን ከአንገቷ አውርዳለች፤ መዝገብ የሚያውቀውን አጽናኝ አሳፍራለች።

‹‹ለመሆኑ በሽተኛው ምን ሆነ?›› አሉ ሊቀ መዛኙ።

‹‹ሞተ›› አለች ጠጂቱ።

‹‹እሳት ቀርቦት ሞተ። ጻፍ›› አሉ ለጸሐፊው።

የውብዳር ማቅ ለብሳ ከሕዝቡ መካከል ተነሣች። ‹‹ጌታዬ፣ አባቴ ናዳ ወርዶበት ነው የሞተው። እሷ ባትገባ ኖሮ እየረገመኝ ይሞት ነበር። መርቆኝ ሞተ። ይህንንም ይጻፉልኝ።››

ጸሐፊው ሊቀ መዛኙን አየ። ‹‹ለምርቃት ዓምድ የለንም›› አሉ፤ አልተጻፈም።

ከዚያ ወደ ማንያህልሻል ዘወር አሉ። ‹‹ደንቡ ይራራልሻል። ዳግመኛ ተመዘኚ። ውሃ ሆነሽ ከተገኘሽ ቦታሽ ይመለስልሻል።›› በርጩማው ቀረበ። ጠጠሩም ቀረበ። ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ‹‹ዝም ብለሽ ነጩን ጣይ›› አልናት።

‹‹ሰው ሲያለቅስ ስታዪ ታለቅሻለሽ?›› ብሎ ረዳቱ አነበበ።

‹‹የሚያለቅሰው ማነው?›› አለች።

‹‹ጥያቄ አይጠየቅም።››

‹‹ልጇ የሞተባት ከሆነች አለቅሳለሁ። ሚስቱን ደብድቦ ሲያዝ የሚያለቅስ ከሆነ አላለቅስም፤ የተደበደበችውን ለማየት እሄዳለሁ።››

‹‹ነጭ ወይስ ጥቁር!››

ማንያህልሻል ከበርጩማው ተነሣች። ጠጠሮቹን ሊቀ መዛኙ እግር ሥር በቀስታ አስቀመጠቻቸው።

‹‹ጌታዬ፣ እርስዎ እኔን ማወቅ ከፈለጉ አንድ ሳምንት አብረውኝ ይዋሉ። ስቆጣ ያዩኛል፤ ስሳሳት ያዩኛል፤ ደክሞኝ በሽተኛ ላይ ስጮኽ ያዩኛል። ከዚያ ‹አትችይም› ቢሉኝ እሰማዎታለሁ። ግድግዳ እያየሁ በቅል ውስጥ የሚገኝ ሰው ግን እኔ አይደለሁም። ውሃ ነሽ ብትሉኝም አልቀበልም።››

ይትባረክ ያን ጊዜ ብድግ አለ። ላቡ ይወርዳል። ‹‹እኔ ሸሽቻለሁ›› አለ። ‹‹በሽተኛው ሲጮኽ ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ አስመልሻለሁ። ለአለቃ ነገርሁ፤ ‹ውሃ ነህና ትችላለህ› አሉኝ። አልችልም። መጻፍ ነው የምችለው።›› ሰማያዊውን ክር ከአንገቱ ሊያወጣ ሲታገል ክሩ ጆሮው ላይ ተያዘበት፤ ማንም አልሳቀም።

ሊቀ መዛኙ አለቃን አዩ። አለቃ ምናሴ መሬት መሬት አዩ። ‹‹ደንብ ደንብ ነው›› አሉ አለቃ በመጨረሻ። ማንያህልሻል ከአገልጋዮች መዝገብ ተሰረዘች። በአገልጋይ በር እንዳትገባም ታዘዘ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ቁልፌን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ይህን ስነግራችሁ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

እሷ ግን ሥራዋን አልተወችም። የታመመ ሰው ወደ ደብሩ ሳይሆን ወደ እሷ ይልክ ጀመር። በዋናው በር ገብታ ከሕዝቡ ጋር ትጸልያለች፤ በዋናው በር ወጥታ በሽተኛ ቤት ትሄዳለች። መዝገቡ ላይ የአጽናኝ ቦታ በሌላ ባለ ሰማያዊ ክር ተሞላ። በየወሩ ‹‹ተጽናንተዋል›› የሚል ሪፖርት ወደ ከተማ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋት። ክታቧ ያን ጊዜም እኔ ዘንድ ነበር። ‹‹ልመልስልሽ?›› አልኋት።

‹‹ምን ያደርግልኛል? ይልቅ የራስህን አንብበህ ታውቃለህ?››

‹‹ክልክል ነው እኮ።››

‹‹አንገትህ ላይ ተጽፎ አንተ የማታውቀው?›› አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። በአራተኛው ይትባረክ ቤት ሄድሁና በቢላዋ ቆዳውን ቀደድሁት። እኔ ማንበብ ስለማልችል እሱ አነበበልኝ። ‹‹መሬት። ይሸከማል። አሳብ የለውም፤ አሳቡ አይጠየቅ›› ይላል። ይትባረክ ማዘኑን አይቼ ‹‹ድገመው›› አልሁት። ደገመው። ስድሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ ሚስት ቀብሬያለሁ፤ ደወሉን ለሠርግ እንዴት፣ ለሞት እንዴት፣ ለእሳት አደጋ እንዴት እንደሚመታ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሳብ የለውም!

ቁልፉን ለአለቃ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት። ክሩንም አብሬ። ‹‹ደወሌን ስጡኝ›› አልሁ። አልሰጡኝም። እኔም ሳልጠይቅ ወጥቼ ደወልሁት። ነገሩ እንደዚያ ጀመረ። ሰው ወደ ይትባረክ ቤት ይመላለስ ጀመር፤ እሱም ያነብብለታል። አንዳንዱ ስቆ ወጣ፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወጣ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ‹‹ጥልቀት የላትም›› የሚለውን ሰምታ ስታለቅስ ዋለች። ክር የሌለው አንገት በየሳምንቱ በዛ። ሐሙስ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚጮኽ ጠፋ።

ወሬው ከተማ ደረሰ። ሊቀ መዛኝ ቢያድግልኝ በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ በታላቅ ቁጣ መጡ። እሑድ ቅጥሩ መሃል ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቆመው ትእዛዝ አነበቡ፦ ‹‹ስሙ የተጠራ አገልጋይ ክሩን ያጥልቅ። ያላጠለቀ ተሰርዟልና ወደ ቤቱ ይሂድ።›› ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ።

‹‹ይትባረክ!››

‹‹አቤት›› አለ ይትባረክ። ክር አላጠለቀም። አልሄደምም።

‹‹ተሰርዘሃል።››

‹‹እሺ›› አለና እዚያው ቆመ።

ሁለተኛው ተጠራ፤ ‹‹አቤት›› አለ፤ ቆመ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ሊቀ መዛኙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ‹‹ጓንጉል!›› አሉ። ‹‹አቤት›› አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እግሬ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሠላሳ ስም ተጠራ፤ ሠላሳ ሰው አቤት አለ፤ ሠላሳ ሰው ቆመ። ሊቀ መዛኙ መጽሐፋቸውን ገለበጡ። የሚሸሽን እንዴት እንደሚይዙ፣ የሚሳደብን እንዴት እንደሚቀጡ ተጽፎላቸዋል። አቤት ብሎ የሚቆምን ምን እንደሚያደርጉት አልተጻፈላቸውም።

‹‹አለቃ፣ አስወጧቸው!›› አሉ።

አለቃ ምናሴ ቀይ ክራቸውን ሳያወልቁ፣ ሊቀ መዛኙንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ ‹‹ማንን ይዤ ልቀድስ?›› አሉ። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ድፍረት ይህ ነው። ለእሳቸው ብዙ ነበር።

ሊቀ መዛኙ ‹‹ደብሩ እንዳለ ተሰርዟል›› ብለው ከወንበሩ ወረዱ። ጠጠሩ በቅሎዎቹ ላይ ተጫነ። ስማችን ከተማ ካለው መዝገብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስንመርጥ ጎረቤቱን እንጠይቃለን፤ ሥራ ሰጥተን እናያለን፤ እንጨቃጨቃለን። ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። ስንሳሳት ሰውዬውን ጠርተን ፊት ለፊት እንነግረዋለን።

ያን እሑድ ግን በቅሎዎቹ ገና ከበሩ ሳይወጡ፣ እኛም ምን እንደምናደርግ ጠፍቶን እንደቆምን፣ ማንያህልሻል በተከለከለችው በአገልጋይ በር ገባች። እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል፤ ከነጋ ጀምሮ በሽተኛ ቤት ነበረች። ስለ ሆነው ነገር አንድም አልሰማችም።

‹‹ምን ሆናችሁ ነው እንደ ምሰሶ የተገተራችሁት?›› አለች። ‹‹የሸክላ ሠሪዋን ባል አልጋው ላይ መገልበጥ አቅቶኛል፤ ጀርባው ሊቆስል ነው። አንድ ክንደ ብርቱ ሰው ስጡኝ።››



‹‹እኔ አለሁ›› አልሁ። በሽተኛ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ደጃፍ ላይ ነው የምቀረው። እሱንም ነገርኋት።

‹‹ዛሬ ትገባለህ›› አለችኝ። ‹‹መጀመሪያ ግን እጅህን ታጠብ።››

ታጠብሁና ተከተልኋት።